ፈቅጃለሁ

ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፣ ከአራተኛው ፎቅ፣
ስድስት ሴት ባንድ ክፍል፣ በመጋረጃ ስንራራቅ፣
የኔና የጦይባ አልጋ ነው በሌሊት የሚሳሳቅ።

እሷ ፊደል አልቆጠረችም፤ እኔ ግን ዘጠኝ ዓመት
የማዳሜን ልጆች ደብተር ስሸከም፣ ስሰርቅ ንባብ ከላዩ ላይ በድብቅ፣ በድንገት፣
ዐረብኛው ገብቶኝ ቀረ፤ ማንም አልቆጠረልኝም እንደ ትምህርት።

በስልኳ ላይ የጫኑላት የነፍሰ ጡር መተግበሪያ
አማርኛ አያውቅም፤ እኔ ሆንኩኝ መተርጎሚያ።
ጁምዓ ጁምዓ ማታ፣ ሳምንቱ ሲገለበጥ፣
«በይ፣ ምን አከለ?» ትላለች፣ ትራሱን ተደግፋ ስትቀመጥ።

«እንጆሪ አክሏል» ይላል። እንጆሪ መች አይታ?
«ኮሽም አክሏል» አልኳት። ሳቀች፣ ሆዷን ነክታ።
«ሎሚ» ሲል ግን ሳቋ ቆመ፤ ሎሚ እናቷ ነች።
«ማንጎ» ሲል፣ «ይኸስ ገባኝ» ብላ በባዶ መዳፏ መዘነች።

የሱ ቁጥር በሳምንት ነው፤ የሷ ደግሞ በሌላ፦
«ከሙሐረም ወዲህ»፣ «አንዋር ከሄደ ወዲህ»፣ «ዓሣው ከሸተተኝ በኋላ»።

ትሑት ነው አፑ፤ ምክሩ ብዙ፦
ውኃ ጠጪ፣ እግርሽን ከፍ አድርገሽ ተኚ፣ ከባድ አታንሺ።
(በቀን ሦስት ቤት ታጸዳለች፤ ምንጣፍ ጠቅልላ ትሸከማለች።
«እሺ ብላለች በይው» ትለኛለች።)

«ለባልሽ አካፍይ» የሚል የልብ ሥዕል አለበት።
አንዋር ሰላላ ነው፣ የውኃ ቦቴ ይነዳል፤ ኔትወርክ ባገኘበት
መልሱ ይመጣል፣ አንድ ፍሬ ዘግይቶ፣ «ማሻአላህ» ያለበት።

አንድ ጥያቄ ግን አለው፣ በተከፈተ ቁጥር የሚመላለስ፦
«የት እንዳለሽ ልወቅ? ይፈቀድ? ወይስ...»
ጨርሼው አላውቅም። ጣቷ ይቀድመኛል፦
አይፈቀድም።
ከማዳሟ ቤት በሌሊት ለወጣች፣ ፓስፖርቷ መሳቢያ ውስጥ ለቀረ፣
የት እንዳለች ያወቀ ሁሉ ያስፈራል፤ ስልክም ቢሆን፣ ደግ ደጉን የመከረ።

ሠላሳ አራተኛው ሳምንት ላይ ነበር። የፍሬውን ስም ረሳሁት።
ርግጫ መቁጠሪያ አለው፣ ትንሽ እግር የተሣለበት፤
በሁለት ሰዓት አሥር ካልሞላ፣ አትጠብቂ ይላል።
ቀዝቃዛ ጭማቂ ጠጣች፣ በግራ ጎኗ ተኛች፣ እንደታዘዘችው።
ኤሲው ይንጠባጠባል። ከታች ካፍቴሪያው በክሪኬት ይጮኻል።
አንድ።
ብዙ ጠበቅን።
ሁለት። «ወይስ የራሴ ልብ ነው?» አለችኝ።
ሁለት ላይ ቀረ።

ስክሪኑ ቀላ። አልተቆጣም፤ ቀላ ብቻ።
«ለአዋላጅ ልደውል?» አለ፤ ከሥሩም ያው የድሮ ጥያቄ።
አላነበብኩላትም።
በስድስት ወር ውስጥ መተርጎም ያቃተኝ ያን ሌሊት ነው።
እሷ ግን ፊደሉን ባታውቅ ቦታውን ታውቀዋለች፦
ሁልጊዜ የምትነካው እምቢታ በወዲህ፣
ነክታው የማታውቀው እሺታ በወዲያ።
ጣቷ ወደ ወዲያ ሄደ።

ካርታ ተከፈተ። ከሮላ ጎዳናዎች መሐል አንዲት ሰማያዊ ነጥብ
እንደምትተነፍስ ሁሉ ትሰፋለች፣ ትጠባለች።
«ይቺ ማነች?»
«አንቺ ነሽ» አልኳት።
ኮሽም አታክልም። ጤፍ ብትሆን ነው።

ሊፍቱ እንደ ልማዱ ተበላሽቷል።
ጫማዋን በእጄ ይዤ፣ ስልኩን በጥርሴ፣ ደረጃውን እየቆጠርን ወረድን።
ውጭ መብራት ይሽከረከራል፤ ማን እንደመጣ ገና አላወቅንም።
ሁለተኛው ፎቅ ላይ ድንገት ቆመች።
እጄን ጎትታ ሆዷ ላይ አሳረፈችው።
«ሦስት» አለች። «ንኪለት፣ ሦስት በይው።»