የውርወራ ደብተር

ማክሰኞ ሃያ ሁለት፤ ሐሙስ አሥራ ስምንት፤
ቅዳሜ ባዶ ነው፣ ክንዷ ያረፈበት።
እሁድ ቦርከና ሞልቶ ሜዳው ላይ ሲፈስ
አላስወረወርኳትም፤
እግር ካዳለጠው ትከሻ ነው የሚፈርስ።
እንዲህ ነው ደብተሬ፣
ከቁጥር በስተቀር የለበትም ወሬ።

አንሻ ትባላለች፣ የጎሚስታው ልጅ፤
ኮምቦልቻ፣ ከጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ ደጅ
ውሻ ልታባርር ያነሳችው ጠጠር
ውሻውን አለፈው፣ መንገዱን አለፈው፣ አለፈው ያን አጥር፣
በሮ በሮ
አናጋው ማዶ ያለ የሰው ቆርቆሮ።
ባለቤቱ ፍልጥ ይዞ ሊማታ ሲወጣ
በእርምጃ ስለካ አገኘኝ፤ በረደ ያ ቁጣ።

አንድ ዓመት ሙሉ ጦር አላስያዝኳትም።
ዝለይ። ተራመጂ። ወገብሽን አዙሪ።
የአሸዋ ከረጢት ከደረትሽ ወርውሪ።
«ታዲያ ወርዋሪ የምሆን መቼ ነው?» ትላለች፤
«ከተረከዝሽ ጀምሪ» ስላት ታኮርፋለች።
ኃይል ከእጅ አይነሳም፤ ከመሬት ነው የሚመጣው፣
ባትን ይዞ፣ ዳሌን ዞሮ፣ ትከሻ ላይ የሚወጣው።
እጅማ ተላላኪ ነው፣
የሌላውን ላብ አድርሶ ባዶውን የሚመለሰው።
በሁለተኛው ዓመት ቀርከሃ፣ ጫፉ ላይ ሚስማር፤
በሦስተኛው እውነተኛው ጦር፣ አምስት መቶ ግራም፣
ያውም እየተቆጠረ፣ እንደ መድኃኒት ፍሬ።

እኔን ማንም አልቆጠረኝ።
ደሴ፣ ሆጤ ሜዳ፣ አሥራ ሰባት ዓመቴ፤
አሰልጣኜ ሲያጨበጭብ ይሞቀዋል ደረቴ።
«ድገም!» ሲለኝ ስደግም፣ «አንድ ብቻ!» ሲል ስጨምር፣
የጦሳ ብርድ በክርኔ ሲገባ እንደ ክር፣
መቶ ስንተኛው ላይ እንደነበር እንጃ
ቀጭ አለ።
እንደ ጭራሮ።
ዛሬ የሸሚዜን የላይኛውን ቁልፍ የምትቆልፍልኝ ሚስቴ ናት፤
ከዚያ በቀር፣ ሰው ሲያየኝ፣ ሙሉ ነኝ።

ከአዲስ አበባ፣ ከትልቁ ክለብ፣ በየወሩ ይደወላል።
«ያቺ ልጅ ስንት ደረሰች?» ይላል።
«ሠላሳ ስምንት» እላለሁ።
አርባ ሦስት ከሃያ ወርውራለች፤ አውቃለሁ።
«ገና ናት፣ አንድ ክረምት ብቻ ጨምሩልኝ።»
ሙሄን ሰጥቻቸው ነበር፣ ክንዱ እንደ ወንጭፍ፤
በሁለት ዓመት መለሱልኝ።
አሁን የሚስማር ፋብሪካው በር ላይ ዘበኛ ነው፤
ሰላም የሚለኝ በግራው ነው።

አንድ ቀን ዶፉ ሁለታችንን ከጣሪያ ሥር ሲያስጠልል
ደብተሩን አነሳች፤ ተይ ሳልል።
ገለጠች። ገለጠች። ጣቷ አንድ መስመር ላይ ቆመ።
«ጋሼ፣ ሁለት ቁጥር ነው ያለው፤
አንደኛው የኔ፣ ሁለተኛው የስልኩ ነው?»
ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወቅጣል።
«ክርኔን ጠብቀውልኛል» አለች፣
«እኔን ግን ማን ጠየቀኝ?»
ለዚህ የሚሆን ገጽ አልነበረኝም።

በሳምንቱ እኔው ደወልኩ። እውነቱን ነገርኩ።
መለኪያው ደሴ ሆነ፤ ያውም በዕረፍቷ ቀን፣ ቅዳሜ።
ሐረጎን ስንወጣ ጦሩ በሚኒባሱ መስኮት ወጥቶ
በየጠመዝማዛው ሰማዩን ይጠቁማል፤
ረዳቱ «የጦሩ ሒሳብ የት አለ?» ብሎ ይቀልዳል።

ሆጤ ያው ሆጤ ነው። ብርዱም ያው።
አርባ አራት ከሠላሳ ስትወረውር
ከክለቡ የመጣው ሰውዬ ኮፍያውን አወለቀ፣ አጨበጨበ፤
«ድገሚ! አንድ ብቻ!»
የኔ ክርን ነው የቀዘቀዘው።
አፌን ዘጋሁ።
«ጋሼ፣ ስንት ሆነ?» አለች ከሜዳው መሐል።
«ሃያ ሁለት» አልኩ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።
ጦሩን በመዳፏ መዘነችው፣ ረጅም ጊዜ፤
ከዚያ ሣሩ ላይ አስተኛችው፣ ሹራቧን ለበሰች።
ሰውዬው ወደኔ ዞሮ፦ «እምቢ ማለቷ ነው?»
ምን ብዬ ልመልስ፣ ቋንቋውን ለራሴ ገና መማሬ ነው።

ስንመለስ፣ ሐረጎን ስንወርድ፣
ደብተሩ ጉልበቷ ላይ ነበር፤ እስክሪብቶዬንም ወሰደች።
በራሷ እጅ፣ በሚንቀጠቀጥ ፊደል፣
«ቅዳሜ፣ ሃያ ሁለት» ብላ ጻፈች።
ከሥሩም በትንሹ፦
«ሃያ ሦስተኛዋ ሆጤ ተቀምጣለች።»