ድምፁን ይዤ መጣሁ

ገና ከጧቱ አንድ ሰዓት ተኩል፣
ፀሐይዋ ከደቻቱ አሸዋ ስትበቅል፣
ከኒሟ ዛፍ ሥር ሰልፉ ተጠምዝዞ፣
ሽማግሌው ከዘራ፣ ባለባጃጁ ቁልፍ ይዞ።

እኔ መዝጋቢው ነኝ፤
የስድስተኛ ክፍል የሒሳብ መምህር፣
ለአንድ ቀን ተመርጬ አገር የምቆጥር።
ጠረጴዛ አጠረን፤ የተማሪ ዴስክ ነው
ሳጥኑን ያስቀመጥነው።
አንድ እግሩ ያነክሳል፤ ጠጠር ደግፈንለት
ቆሟል እንደ ዘበኛ፣ ወረቀት ሲጥሉበት።

ወይዘሮ ሮዳ ጌዲ መጣች ከአፈተኢሳ፣
ስልኳን በድሪያዋ ቋጥራ፣ በላብ ርሳ።
ካርዷን ሰጠችኝ፤ ስሟን አገኘሁት፣
ተራ ቁጥር ሁለት መቶ ዐሥራ ሰባት።
ፈረመች።
          አልሄደችም።

«ልጄም አለ» አለችኝ።
          «የታል?»
                    «ጅቡቲ ነው፣
ወደቡ ላይ ክሬን የሚያንቀሳቅሰው።
ስንዴውን ሲያወርድ፣ ማዳበሪያውን፣
መች ጠይቆ ያውቃል የበላተኛውን ቀበሌ፣ የአራሹን?
መምጣት አልቻለም፤ ፈረቃው አልለቀቀው።
ድምፁን ይዤ መጣሁ።»
                    ስልኳን አወጣችው።

እኔ ሳቅኩ መጀመሪያ፤ ሰልፉም ሳቀ ከኋላዋ።
እሷ ግን አልሳቀችም፤ ቀልድ አልነበረም ዕቃዋ።

«እናቴ፣ እዚህ ግቢ ስልክ ክልክል ነው» አልኳት፤
ሕጉን እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ ደረደርኩላት፦
በጣቢያው ክልል ውስጥ ስድስት ወር የኖረ፣
በአካል የመጣ፣ በስሙ የሰፈረ።
አዳመጠችኝ፣
በአሸዋ ገበያ ዋጋ እንደጠራሁባት፤
ትንሽ ከታገሠች የሚረክስ መሰላት።

«ጫቱ» አለች፣ «ከአወዳይ በሌሊት የተቀነጠሰው፣
ቀትር ላይ ጅቡቲ ነው፣ ጤዛው ሳይለቀው።
ባቡሩ ይሻገራል። ፍየሉ፣ ድንቹ፣ ቲማቲሙ —
ለዚች ብጣሽ ወረቀት ብቻ ነው እንዴ ድንበሩ መቆሙ?
ያ ጎርፍ የመጣ ጊዜ፣ ይህ ክፍል ራቁቱን ሲቀር፣
ከደመወዙ ቆርጦ የላከው ማን ነበር?
ከራስህ በላይ ያለው የሱ ቆርቆሮ ነው።»

ቀና አልኩ።
ቆርቆሮው በሙቀቱ ተንቋቋ፤
የቁጥር ሰው ነኝና አጣሁለት ቋንቋ።

ሳልከለክላት ነካችው። ከስልኩ ድምፅ ወጣ፦
ንፋስ፣ የሰንሰለት ኳኳታ፣ የአለቃ ቁጣ፣
ከዚያ ልጁ።
ታዛቢዎቹ አንገታቸውን አሰገጉ፣
የማንን ስም ይጠራ ይሆን ብለው ሲሰጉ።
የማንንም አልጠራ።

«ሆዮ፣ ሰልፉ ረጅም ነው? ፀሐዩን አምልጪ፤
በኒሟ በኩል ቁሚ፣ ጥላ ጥላውን ምረጪ።»

ይኸው ነበር ድምፁ።

ጣቷን ለቀለም ስትሰጠኝ፣ ሌላ ጣት ጨመረች፤
«ይቺ የኔ» አለች፣ «ይቺ የዋበሪ» አለች።
አንዷን ብቻ ነከርኩ።
ሌላዋ ደርቃ ቀረች፣
እንደ ደቻቱ በበጋ —
ስሙ ወንዝ፣ ሆዱ አሸዋ።

ማታ መብራት ጠፍቶ በባትሪ ቆጠርን፤
ወረቀቱ ከመዝገቡ ልክ ሆነልን።
ሳጥኑን ከዴስኩ ሳነሣ፣ ከሥሩ፣ በምስማር ተፍቆ፣
በስንት ልጅ ክርን ታሽቶ፣ ደብዝዞ፣ ግን ጠልቆ፣
ዘመም ያለ ፊደል፦
          «ዋበሪ፣ ስድስተኛ ለ»።
ሳጥኑ ቀኑን ሙሉ እላዩ ላይ ተቀምጦ ዋለ።

አስተምሬው ይሆን? አላስታውስም።
ስንቱን አስተምሬ ስንቱን ነው የማላስታውሰው።

የቃለ ጉባኤው የመጨረሻ መስመር
«ጉድለት ካለ ይገለጽ» ይላል።
ታዛቢዎቹ ያዛጋሉ።
አንድ የጭነት መኪና ወደ ደወሌ ማርሽ ይቀይራል።
ብዕሬን ይዤ ቆየሁ። ቀለሙ ሊደርቅ ሲል
ጻፍኩ፦
          «የለም።»