ከፀጉር የቀጠነ

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይሄን ወለል ጠርጌያለሁ፣
ከየማሽኑ እግር ሥር የብረት ጥምዝምዝ አፍሻለሁ፤
ዛሬ እዚያው ወለል ላይ፣ ያለ መጥረጊያ ቆሜ፣
አዲስ ቱታ ለብሼ፣ ደረቴ ላይ ተጽፎ ስሜ፣
ከኮምፒውተሩ ቶርኖ ጋር ዓይን ለዓይን እንፋጠጣለን፤
እሱ ያበራል፣ እኔን ያልበኛል፣ ሁለታችንም እንጠብቃለን።

ቂርያት ጋት፣ ሦስተኛው ፈረቃ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ፤
ከተማው እንቅልፉን ይለጥጣል፣ የነቃሁ እኔ ብቻ ነኝ፤
ነቃሁ ማለት እንኳ፣ ምን ገብቶኝ?

ስክሪኑ ላይ ዕብራይስጡ ከቀኝ ወደ ግራ ይነጉዳል፣
ቁጥሩ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣
ሐሳቤ በአማርኛ መሐል አስፋልት ቆሞ
በሁለቱም ይገጫል።
ኤክስ ውፍረት ነው፣ ዜድ ርዝመት፤ እሱን እንደ ዳዊት ደግሜዋለሁ፣
አውቶቡስ ውስጥም፣ ሽንኩርት ስከትፍም ብዬዋለሁ።
የቸገረኝ ከቁጥሩ ፊት የምትጋደመው ሰረዝ ናት፤
ካለች ቢላው ይጠጋል፣ ከሌለች ይርቃል፤
ወይስ ግልባጩ ነው? ማን ያውቃል?

ፋይና ታውቃለች።
ጡረታ ልትወጣ ሰባት ወር የቀራት፣
ዕብራይስጧ እንደኔው ስብርባሪ፣
ከወንበሯ ሳትነሳ «ዖድ ፓዓም፣ እንደገና» የምትል አስተማሪ።
እንደገና።
እንደገና።
ከሚሊሜትር መቶ እጅ፣ የሚፈቀድልኝ ስሕተት ሁለት እጅ ብቻ፤
ከፀጉሬ የቀጠነ፣ ከሽበቴም ጭምር።

ማክሰኞ ለታ ሰረዟን ረሳሁ።
ቢላው እንደ ደነበረ በሬ ብረቱን ወጋ፣
ቋ! አለና ዝም።
ፕሮስፐር፣ አለቃው፣ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ መጣ፤
የቢላውን ስባሪ አይቶ፣ አንዲት ቃል ካፉ ሳትወጣ
ተመለሰ።
ቢሰድበኝ በተሻለኝ፤ ለስድብ መልስ አላጣም፣
ዝምታን ግን በየትኛው ቋንቋ እንደሚመልሱት አላውቅም።
መጥረጊያዬን መልሱልኝ ልል ነበር።
መጥረጊያ ሰረዝ የለውም፤
ወደ ፊት ቢሉት ይጠርጋል፣ ወደ ኋላም ቢሉት ይጠርጋል።

ሐሙስ ግን፣ በልማድ፣ ከእግሬ ሥር የወደቀውን ላነሳ ጎንበስ ስል፣
ጥምዝምዙ ሰማያዊ።
ይሄን ቀለም አውቀዋለሁ! ስንት ጆንያ ሙሉ
ቆሻሻ ብዬ ጥዬዋለሁ።
ብርማው የበዛ ሌሊት ሠራተኛው እያፏጨ ያድራል፤
ሰማያዊው የበዛ ሌሊት ይረግማል፣ ቢላ ይቀይራል።
«ፋይና፣ ቢላው ዶልዷል» አልኳት።
ስክሪኑ ምንም አላለም፣ ቁጥሩ ሁሉ አረንጓዴ ነው።
ፋይና ከወንበሯ ተነሳች።

አባቴ ቀጥቃጭ ነበር፤
ቀን ማረሻ ያሳለ ጎረቤት
ሲመሽ «ጅብ ይሆናል» እያለ በሩን የሚዘጋበት።
ቅዳሜ ማታ፣ ሰንበት ሲወጣ፣ ሁለት ቀለበት መዳፉ ላይ አኖርኩ፤
አንዷ ደህና፣ አንዷ ለጥራጊ የተጣለች።
«የቷ ናት የተበላሸች?»
በአውራ ጣቱ አሻቸ፣ አሸተተ፣ ጥርሱን መታ መታ አድርጎ አዳመጠ፤
ደህናዋን መረጠ።
ስነግረው እስኪያስለው ሳቀ፤
«ይሄን የሚለይ እጅ አልተፈጠረም» አለ፣
«አንቺስ በምን ለየሽ?»
ስለ መለኪያው ልነግረው አሰብኩ፣ ስለ ዜሮው፣ ስለ ሰረዟ፤
«ተሳስቼ» አልኩት።

እሑድ ሌሊት። አዲስ ቢላ፣ አዲስ ብረት።
ቁጥሩን ጻፍኩ። ፋይና ሻይ ልታፈላ ሄዳለች።
ሰረዟ አለች።
መኖር አለባት?
ጣቴ አረንጓዴው ቁልፍ ላይ ቆሟል።