ሦስተኛዋ ብሎን

ዓይኔ ከዳኝ አልልም፤ ዓይኔስ ታማኝ ነው፣
ቅርቡን ብቻ እንጂ ሩቁን መች ረሳው?
ከሴንት ጆን ወንዝ ማዶ፣ በካናዳ በኩል፣
የጥዱን ጫፍ ይለያል፣ ቆጥሮ በትክክል።
የማነጣጠሪያው ስርጉድ፣ እጄ ላይ ያለው ግን፣
ጉም እንደዋጠው መንደር ጠፋ ከዓይኔ ብሌን።

ባለፈው የአደን ወቅት፣ ከድንች ማሳው ዳር፣
አንድ ወንድ አጋዘን፣ ቀንዱን አንስቶ ሲያማትር፣
ቆሞ ጠበቀኝ፣ ጨዋ፤ እኔ ሳነጣጥር
አንዱ ስርጉድ ሁለት፣ ሁለቱ ሦስት ሲሆን፣
ሰልችቶት ሄደ መሰል፣ አዙሮ ጀርባውን።

ኦዲል ሳቀች ያኔ። ኦዲል ልብስ ሰፊ ናት፣
አርባ ዓመት ሙሉ ክርና መርፌ ያልታከታት።
«ቀዳዳ ነው የሚያሻህ፣» አለችኝ ስትፈርድ፣
«በቀዳዳ ነው ክር የሚያልፍ፤ መች አለፈ በስርጉድ?»

ድንቹ ተሰብስቦ፣ ጥቅምት ሲያልቅ ማታ፣
ጠመንጃውን ዘረጋሁ በወጥ ቤት ገበታ።
የሆዱን እጀታ ስቤ፣ ከፍቼ አየሁ ውስጡን፤
ባዶ ነው። ደግሜ በጣቴ ዳሰስኩ ባዶነቱን።
«አንዴ የታየ ባዶ፣ ባዶ አይደለም» ይል ነበር
አባቴ፣ ይህንኑ ብረት በዘይት ሲያሽ ሲያድር።

የድሮው ማነጣጠሪያ፣ በአባቴ ሞረድ የተበላው፣
ካለበት አልወጣም አለ፤ ስልሳ ዓመት ቤቱ ነው።
በናስ በትር፣ በመዶሻ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣
እንደ ጎረቤት በር አንኳኳሁ፤ ቆይቶ ሰማኝ፤
ዘለለና ወደቀ፣ እንደ ወለቀ ጥርስ፤
ዝም አልኩ ጥቂት፣ መዶሻዬን ሳልመልስ።
ኦዲል አንስታ ከቁልፎቿ ቆርቆሮ ጨመረችው።

ጎኑ ላይ ሁለት ብሎን አለ፣ ፋብሪካው የደፈነው፤
አንዱ ወዲያው ታዘዘኝ፤
ሌላውን ዝገት አግብቶታል፣ ፍቺ የማይፈልግ ነው።
ዘይት ጠብ አደረግሁ፤ ጠበቅሁ፤ ሻይ ጠጣሁ፤ ደገምኩ፤
ካቻቢቴው ሾለከና ሰማያዊውን ብረት ቧጠጥኩ።
(ጭረቷ ዛሬም አለች።)
ኦዲል የስፌት መኪናዋን ካቻቢቴ አመጣች፤
ጫን፣ ዞር፣ አንድ ትንፋሽ፤ ብሎኑን አስለቀቀች።

አዲሱ ክንድ ተቀመጠ፣ ጥቁር፣ ጎኑን ታቅፎ።
ሦስተኛዋ ብሎን ግን፣ ክንዱን የምትቆልፈው፣
ከቁንጫ አትበልጥም፤ እንደ ቁንጫም ዘለለች፤
ወለሉ ዋጣት።
ሁለት ሽማግሌ፣ በጉልበት ተንበርክከን፣
ባትሪ ይዘን ስንድህ፣ ላየን ሰው ጸሎት ላይ ነን።
«ቅዱስ አንጦንዮስ ሆይ» ትላለች፤ እኔ ሌላ ስም ጠራሁ፣
ለቄስ የማይነገር።
ማግኔቷ ከምድጃው ሥር ሁለት መርፌ፣ አንድ ምስማር፣
ብሎናችንንም አወጣ፣ አቧራ ለብሳ እንደ ፀጉር።

ቀዳዳዋን የያዘች ክብ ዲስክ ቀረች።
ከማሰሬ በፊት በሁለት ጣቴ ይዤ፣
ዓይኔ ላይ አስጠጋኋት፣ ወንበሬ ላይ ተክዤ።
ኦዲል ፊት ለፊቴ ናት፤ መነጽሬ ኪሴ ውስጥ ነው፤
በዚያች የብርሃን ጠብታ ፊቷ ገባ እንዳለው፤
ቅንድቧ ሥር ያለችው ጥቁር ነጥብ፣ የረሳኋት፣
ጉንጯ ላይ ስርጉዷ፣ እውነተኛው ስርጉድ፣ ሳትስቅም የማያጣት።
«ምን ታያለህ?» አለች።
«ኢላማ» አልኩ። በፎጣ መታችኝ።

በማግስቱ ከጠጠር ጉድጓዱ፣ ከአፈር ግድግዳ ፊት፣
ሦስት ጥይት፣ በካርቶን ላይ፤
ሦስቱም አንድ ጎጆ ሠርተው፣ ስንዝር ዝቅ አሉ በእውነት።
ብሎኗን አላላሁ፤ ክንዱን ከፍ፣ አንድ ጭረት፣ ሁለት።
ቀዳዳውን አላየሁም፤ በቀዳዳው አየሁ፤
የፊቷን ዶቃ መሃል ያደረጋት ዓይኔ ነው፣ እኔ አላዘዝኩ።
አራተኛው ከመሃል ገባ።

ኅዳር መጣ። በመጀመሪያው ንጋት፣ ጫማዬን አስሬ፣
ጠመንጃውን ሳነሳው፣ ዓይን የለውም። ዲስኳ የለችም።
ከምድጃው ሥር ፈለግሁ። አንጦንዮስንም አስቸገርኩ፣ በስሙ።
ኦዲልን መብራት ሥር አገኘኋት፣
ዲስኳን መነጽሯ ላይ በፕላስተር ለጥፋ፣
አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ ምላሷን በጥርሷ ይዛ፣
ክር ከመርፌ ስታስገባ።

ስንት ዓመት ነው የደበቀችኝ? አልጠየቅሁም።
«ቁጭ በል፣» አለች፣ ቀና ሳትል፣ «ውጭ በረዶ ነው፤
አጋዘኑ ይጠብቅሃል፤
ጨዋ ነው ብለኸኝ የለ?»