ባለቤት የሚለው ዓምድ

ሐሙስ ነው፤ የሂርማታ ገበያ ደርቷል፣
ከጅሬን ቁልቁል ዝናብ ተነሥቷል፤
እኔ ምድር ቤት ነኝ ከአሮጌው ማሽን ጋር፣
ጥቁር ማያ፣ አረንጓዴ ፊደል፣ የቆመ መስመር።

የጡረታው ክፍያ ሌሊት ሲሮጥ አድሮ ቆመ፤
"በዚህ ስም ማሰር አይቻልም" አለ፣ ሌላ ቃል አልደገመ።
ዘጠኝ መቶ ስምንት፣ ከፊቱ ሰረዝ።
የትኛው ስም? አላለም።

ፕሮግራም ብቻውን አይሄድም።
ተጽፎ፣ ተፈትሾ፣ ያም አይበቃውም፤
ከዳታቤዙ ጋር በገመድ ይታሰራል፣
በየት በር ይገባል፣ የቱን መንገድ ያቋርጣል፣
በማን ሥልጣን ያነባል፣ መቼስ ይለቃል፣
ሁሉም አስቀድሞ ቋጠሮው ላይ ይጻፋል።
ይህን ያስተማረኝ ተማም አባ ቡልጉ ነው፣
ጣቱ እንደ አጋሰስ ጫኝ ጣት የወፈረው፦
"ነጂባ፣ ጭነት ሜዳ ላይ ቢላላ ግድ የለም፤
የሚፈታው ዳገት ላይ ነው፣ ያን ጊዜ ደጋፊ አይገኝም።"

እሱ ትእዛዙን በእጁ ነበር የሚጽፍ፣
ቀዳዳ ባለው ረጅም ወረቀት፣ ገጽ በገጽ ሲታጠፍ፤
እሰር ይህን ጥቅል፣ እሰር ያን ዕቅድ፣
አራት መቶ ዐሥራ ሰባት ገመድ።
አንዴ አንዲት ፊደል በድካም ዘለለ፤
የአጋሮ መስመር ሾፌሮች ደመወዝ ሳምንት ሙሉ ተንጠለጠለ፤
እሱም ያን ሳምንት አልተኛ፣ ለማንም ግን ምንም አላለ።

እኔ እንደሱ አይደለሁም። እኔ ሰነፍ ነኝ፤
ወይ ፈሪ፤ የራሴ ጣት አያስተማምነኝ።
ስለዚህ ትእዛዝ የሚጽፍ ትእዛዝ ጻፍኩ፣
ማሽኑ የገዛ መዝገቡን እንዲገልጥ አዘዝኩ፦
ያሰርከውን ሁሉ ከየዓምዱ ቅዳ፣
ቅንፉን ሳታጎድል፣ ነጥቡን ሳትጎዳ፤
ከዚያ ገመድህን ራስህ ግመድ።
እኔ የጻፍኩት አንድ መስመር፤ የቀረው የሱ ጉድ።

መብራት ብልጭ አለ፣ ጄኔሬተሩ አጓራ፣
ማያው ላይ መስመር ይወርድ ጀመር በተራ፦

እሰር ጥቅል፣ ጡረታ ሦስት፣ ባለቤት ተማም፤
እሰር ጥቅል፣ ቁጠባ ዘጠኝ፣ ባለቤት ተማም፤
እሰር ዕቅድ፣ የወር መዝጊያ፣ ባለቤት ተማም፤

እንደ ሙስበሃ ጠጠር፣ አንዱ ሲያልፍ አንዱ፣
አራት መቶ ዐሥራ ሰባት ጊዜ ስሙ ከዓምዱ።

ሰውየው የሞተው በሻዕባን ነው።
ሰኞ ከአዲስ አበባ አንድ ልጅ ደውሎ
"የሌሉ ሰዎችን መግቢያ እያጸዳን ነው" ብሎ
አጸዳ። ልክ ነው፣ ደንቡም ነው።
ስሙ ሲነቀል ግን በስሙ የታሰረው ሁሉ ላላ፤
ገመዱን ስፈትሽ ዋልኩ፤ ለካ እጁ ነው የላላ።

በር ተንኳኳ። ሲቲና ናት፣ ጃንጥላዋ የተገነጠለ፣
ጫማዋ ላይ የሂርማታ ጭቃ እንዳለ።
"ጡረታው ዘገየብኝ" አለች፣ "ሌላ ሰው አላውቅም፤
ባለቤቴ እዚህ ነበር።"
ባለቤቴ።
ማሽኑም ይህንኑ ቃል ነው የሚለው፣ ሌላ አያውቅም።

ባለ ሦስት እግሯን በርጩማ ሳብኩላት። ተቀመጠች።
ዓምዱን ለወጥኩ፤ በአንድ ምት፣ በሁሉም ላይ፣
በስሙ ፋንታ የመሥሪያ ቤቱን፤ እሷ እያየች፣ ሳታይ።
አስገባሁ። ታሰረ፣ ታሰረ፣ ታሰረ፤
አራት መቶ ዐሥራ ስድስት። አንዱ ቀረ፦
"ሙከራ አንድ"፤ ምንጩ የጠፋ፣ የሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣
ሥራ ሲጀምር እጁን ያፍታታበት።
አልነካሁትም።

ደረሰኙ ከማተሚያው ሲወጣ አጥፋ ያዘችና
"አሁን ታዲያ በማን ስም ነው?" አለችኝ፣ አየችኝ ቀና።
"በመሥሪያ ቤቱ" አልኳት።
"እሱስ አይሞትም?"

ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ደረሰ።
ማሽኑ ሁለት ጊዜ አቃስቶ ለሌሊቱ ክፍያ ተነሣ፤
እኔ አልመለስኩላትም።
ጃንጥላዋን ግን በሲባጎ አሰርኩላት።