ሞክሼዬ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል፤
የእኔን ግን ማን እንዳወጣው ይታወቃል፦
እጃቸውን ጨው የላጠው፣
ሽርጣቸውን ቅርፊት ያለበሰው
ሠላሳ ስድስት ሴቶች በሴቱባል ወደብ፣
ሰርዲን የሚደረድሩ፣ አጠገብ ላጠገብ።

ሌሊት ጀልባ ሲገባ ሳይረን ይጮኻል፤
ፋብሪካው ሁሉ በየድምፁ የራሱን ሰው ይጠራል።
የኛን ጩኸት እናቴ አዶዚንዳ ለይታ ታውቃለች፤
እንቅልፏን አልጋ ላይ ትታ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ትሮጣለች።

ከረጅሙ ጠረጴዛ ጫፍ ዙልሚራ ትቆማለች፤
ፊደል አልቆጠረችም፤ ለደሞዝ በአውራ ጣቷ ትፈርማለች።
አንድ ማለዳ፣ ዝናቡ ቆርቆሮ ጣራውን ሲወቅጠው፣
ቢላዋዋን ሳታቆም፣ ቀና እንኳ ሳትል ጀመረችው፦
«ሊዮኒልዴ የምትባል ሴት ነበረች፤
ባሏን ባሕር አስቀረባት፤ ያን ጊዜ ጀልባ ቀዝፋ ወጣች።
ባሏን ፍለጋ አይደለም፤ ባሕር የበላውን አይተፋም፤
የሦስት ሌሊት ሒሳቡን ነው፤ የሠራ ሰው ሒሳብ አይጠፋም።»

አቤት ያቺ ሴት!
ቅዳሜ ማዕበል ላይ ትተዋት ሲሄዱ፣ እሑድ ሙሉ
ስትጨነቅላት፣ እናቴ ሾርባውን አሳረረች አሉ።
ፌሊስቤላና አውሮራ ተኮራረፉ አንድ ሳምንት፤
አንዷ «የባሕር መብራቱን ጠባቂ ታግባው»፣ ሌላዋ «ምን ሲደረግላት!»
አለቃው ሴኞር ቫልዴማር ሹክሹክታ ሰማና ሮጠ፤
«ይህቺ ሊዮኒልዴ ትቀጣለች!» ብሎ የደሞዝ መዝገብ ገለጠ፤
ከላይ ወደ ታች ፈለጋት፣ ከታች ወደ ላይ።
የለችም።
ሠላሳ ስድስት ሴት ሳቁን ዋጠ፣ ዓሣው ላይ።

ሐሰትና ስንቅ እያደር ይቀላል
ይላል ተረቱ፤ ለሌላው ይሠራል።
ይህቺ ግን እያደር ከበደች፤
ሥጋ አወጣች፣ ሳል አወጣች፣ የጫማ ቁጥሯ ሳይቀር ታወቀች።
ገበያ ላይ ሰማያዊ ሻል ሲያዩ «የሷ ነው» ይላሉ፤
ሰው ሲያስቀይማቸው «ለሊዮኒልዴ እነግራለሁ» ብለው ይዝታሉ።
ባል የሞተባት ሲዳሊያ፣ ዓመት ሙሉ ያላለቀሰችው፣
ለዚያች ለሌለች ሴት ባል ነው እንባዋን ያወጣችው።

የካቲት ላይ የሌሊቱን ክፍያ ሲቆርጡት፣
እናቴ፣ ከካህን ፊት እንኳ ድምፅ የማይወጣት፣
ደረጃውን ወጣች። ጉልበቷ ይርዳል፣ ጉሮሮዋ ደርቋል፤
«የሦስት ሌሊት ሒሳብ» አለች። ድምፁ ከየት እንደመጣ ማን ያውቃል?
ግማሹን ሰጧት። ይህ ተረት አይደለም፤
ሙሉ አልሆነም።

ዙልሚራ በመጋቢት ሞተች፤ ሳንባዋ ነው።
ሊዮኒልዴን ትታት የሄደችው
ከባለመርከቡ በር ፊት ነው፣ እጇን አንሥታ፣
ልታንኳኳ ስትል፤ ሳታንኳኳ፤ በዝምታ።
ማን ይቀጥለው? አንዷ ሞከረች፣ በሩን አስከፈተች፤
«አይ፣ እሷ እንዲህ አትልም» ሲሏት ተወች።
እጁ አየር ላይ ቀረ።

እኔ በነሐሴ ተወለድኩ።
የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ ብዕሩን ነክሮ «በአያቷ ስም ነው?» አለ።
«አይደለም።» «በቅድስት?» «አይደለም።» «ታዲያ ሌላ ማን አለ?»
«የምናውቃት ሴት ናት» አለች እናቴ፤
ጻፈው። በማኅተም ጸደቀች ሞክሼዬ፣ የሌለችቱ፣ በልደት ወረቀቴ።

ስታረጅ፣ ድንች ስትልጥ፣ «ለምን?» ብዬ ጠየቅኳት።
«የራሴ ሕይወት በእጄ ሳለ ይፋጅ ነበር» አለችኝ፤
«እሷ ስትይዘው ግን ጥቂት ቆሜ ለማየት ቻልኩኝ።»
ሌላ አልጨመረችም። ድንቹን ጨመረች።

ፋብሪካው ተዘግቷል፤ ሳይረኑን ዝገት በልቶታል፤
ከሠላሳ ስድስቱ አራት ቀርተዋል።
እኔ የመብራት ቆጣሪ አነባለሁ፤
ከተማውን በር በበር አንኳኳለሁ።
ደጃፍ በቆምኩ ቁጥር እጄ አየር ላይ ይዘገያል፤
ማን እንዳነሣው ለአፍታ ይጠፋዋል፤
ከዚያ ሁለታችንም እናንኳኳለን።
«ማን ነው?»
«ሊዮኒልዴ» እንላለን።
ውስጥ ውሻ ይጮኻል፤ ቁልፍ ይዞራል፤
«ቆጣሪው ከደረጃው ሥር ነው፣ ግቢ» ይሉኛል።