መልስ

ኡሜዮ ከተማ፣ ኅዳር ሲጋመስ፣
ጀንበር በስምንት ሰዓት ቤቷ ስትመለስ፣
የሲክስተን ልጅ ቱቫ ፖም ስትገምጥ ቆይታ
የፊት ጥርሷን አገኘቻት ፖሙ ላይ ተሰክታ።

አላለቀሰችም። ብርጭቆ ውሃ ሞላች፣
ጥርሷን ቁልቁል ለቀቀች፣
ራስጌዋ አኖረች።
የአገሩ ደንብ ነው፤ የጥርስ አድባር በሌሊት ትመጣለች፣
ጥርሱን ትወስድና ሳንቲም ትተካለች።

ልጅቷ ተኛች። ሲክስተን ኪሱን ዳበሰ።
ስልክ አለ። ቁልፍ አለ።
የመኪናውን መሳቢያ፣ የሶፋውን ስንጥር፣
ያሮጌ ካፖርት ገበር፣ ሁሉን ቢበረብር፣
ሰባት ዓመት ሆነው ሳንቲም በእጁ ካደረ፤
የት ይቀመጥ እንደነበር ከሐሳቡ ተሰወረ።

ወደ ባንኩ ማሽን ሮጠ። ማሽኑ ካምና ተነቅሏል፤
ጎድጓዳው ተደፍኖ ማስታወቂያ ተለጥፏል።
ቡና ቤት ገብቶ ጠየቀ። "ጥሬ አንነካም" አሉት፣
እንደ ጥሬ ሥጋ፣ በጓንት እንኳ እንደማይዙት።
የነዳጅ ማደያው ልጅ ሃያ ዓመት አይሞላም፤
"ሳንቲም?" አለና ሳቀ፣ "አያቴ ጋ አይጠፋም።"

አያቴ ሲል ጊዜ ትዝ አለችው ጉንቮር፣
አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን የምትኖር።

ጉንቮር በዚያው ቀን ጧት ባንክ ሄዳ ነበር፤
የብስኩት ቆርቆሮ አቅፋ፣ የታሠረ በክር።
ባሏ ከእንጨት ፋብሪካው፣ እሷ ከስፌቱ፣
አርባ ዓመት ያኖሩት፣ ቀን የከፋ ለቱ።
ወጣቷ ገንዘብ ያዥ፣ ገንዘብ የማትይዝ፣
ፈገግታዋ ሙቅ ነው፤ ጥያቄዋ የሚያደነዝዝ፦
"ከየት አመጡት ይህን? ዝርዝር ያስፈልጋል።"
ጉንቮር ቆርቆሮውን ነቀነቀች፤ "ዝርዝርማ ሞልቷል።"
ልጅቷ አልሳቀችም። "ደረሰኝ ነው ያልኩት።"
ጣት በመርፌ ሲወጋ ደረሰኝ ማን ቆረጠለት!
"ደግሞ እነዚህ ኖቶች ጊዜ አልፎባቸዋል።"
"እኔስ?" አለች ጉንቮር።
ወረፋው ተገፍቷል።

ሌሊት በር ሲንኳኳ ደነገጠች ጉንቮር፤
ሰው በሯን ካንኳኳ ስንት ጊዜው ነበር።
ሲክስተን ቆሟል፣ ጫማው በረዶ አዝሎ፣
"በስልኬ ልክፈልሽ፣ አንዲት ሳንቲም ስጪኝ" ብሎ።
"እኔ ስልክ የለኝም፣ ካንተ ስልክ የሚቀበል፤"
ቆርቆሮውን ከፈተች፤ ሽታው ዝንጅብል ዝንጅብል።
አሥር ክሮነር መረጠች፣ በቀሚሷ ጫፍ ወለወለች፣
"መልስ አልፈልግም" አለች።
ከዚያ በሩን ሳትዘጋ፦ "ልጅቷ ምን እንዳለች
ነገ መልሱን አምጣልኝ።"

ሲነጋ ቱቫ እጇን ውሃው ውስጥ ነከረች፣
አወጣች፤ ወደ መብራት አነሣች፤ አሸተተች።
"አባ፣ ምን ይሠራል?" አለች።
"ይገዛል" አላት። ቀላል መስሎት ነበር።

ዳቦ ቤት ሄደች፤ የቀረፋው ዳቦ እንፋሎቱ ሳይበርድ፣
ሻጩ አንገቱን ነቀነቀ፦ "ይቅርታ፣ የኛ ቤት በካርድ።"

ተመለሰች። ቤቷ አልገባችም። አራት ፎቅ ወጣች፣
የጥርሷን ባዶ ስፍራ በምላሷ እየነካካች።
"ይሄ አንቺ ጋ ብቻ ነው አሉ የሚሠራው።"
ጉንቮር መነጽሯን አጠለቀች፣ ፊቷን ኮስተር አድርጋው፤
ገንዘብ ያዥ ሆነች፣ ገንዘብ የምትይዝ።
ሳንቲሟን ነከሰቻት በሰው ሠራሽ ጥርሷ፤
ቱቫ ሳቀች፤ በክፍተቱ ብቅ አለ ምላሷ።
"ይሠራል" አለች ጉንቮር፤ ሁለት ብስኩት ቆጥራ ሰጠቻት፣
ከየት አመጣሽው ብላ ዝርዝር ሳትጠይቃት።

ያን ክረምት አንዲቷ ሳንቲም ደረጃውን ስትወጣ ስትወርድ ከረመች።
ሰኞ የብስኩት ዋጋ ናት፤ ማክሰኞ የሥዕል ሆነች።
ሐሙስ ዕለት ደግሞ፣ ከባንክ የመጣ ደብዳቤ
ቱቫ ለጉንቮር ስታነብላት፣ ፊደል በፊደል፦
"ው... ድ... ደን... በኛ..."
ከዚያ ወዲያ አልዘለቁም፤ ሳቁ አሸነፋቸው።

መጋቢት ላይ፣ አንድ ማታ፣ ሌላ ጥርስ ተነቃነቀ።
ሲክስተን ኪሱን ዳበሰ። ስልክ። ቁልፍ።
ሳንቲሟ ዛሬ የማን ተራ ናት?
ወደ ግቢው ወጣና ቀና አለ፤
አራተኛ ፎቅ መብራት አለ።